አምስተኛዋ ክር

ባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር ይዞ መድረክ ላይ የወጣ ሰው በታየ ቁጥር «አራቱ ምን ጎደላቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄውን አዲስ አበባም ሰምቼዋለሁ፤ የቤተ እስራኤል ሠርግና ሙዚቃ ከማይጠፋባት ከነታንያ አጠገብ ባለችው በኤቨን የሁዳም ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወፍራም ድምፅ እንዲኖረው ነው» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ የቀረው ግማሽ ግን ብዙ ተጫዋችንም ሳውንድማንንም አሳስቷል።

ታሪኩን ባጭሩ ልጨርሰው። ኤሌክትሪክ ቤዝ በዓለም የተስፋፋው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ካወጣ ወዲህ ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ይባላሉ። ፌንደር በ1965 አምስተኛ ክር ሲጨምር የጨመረው በቀጭኑ በኩል ነበር፤ ብዙም አልተወደደለትም። ከኢ በታች ቢ ያለው ቤዝ በ1970ዎቹ ብቅ አለ፤ ሚውዚክ ማን በ1987 እስቲንግሬይ 5ን ሲያወጣ ደግሞ በብዙ ቤዚስት እጅ ገባ።

አራት ክር ታላቅ ሥራ ለመሥራት አያንስም። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሲቀዳ የባንዱ ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ ያን ቤዝ ሰምቶ ክር ይጨመርበት የሚል ጆሮ ያለው አይመስለኝም። አምስተኛዋ ክር የምትጠቅመው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዘፋኙ ጎሮሮ።

የአገራችን ዘመናዊ ባንድ ያደገው ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ ቤት፣ ከትንፋሽ መሣሪያ ጋር ነው። ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን የቢ ፍላት፣ አልቶ ሳክስፎን የኢ ፍላት መሣሪያዎች ናቸው፤ ስለዚህ ነፊዎች ፍላት የበዛበትን ኪ ይወዳሉ። ዘፋኙም ሌሊቱ ሲገፋ ድምፁ ይከብደውና «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ይላል። ዘፈኑ ከኢ ወደ ኢ ፍላት ሲወርድ ኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ባለ አራት ክሩ ቤዚስት ግን ዝቅተኛው ድምፁ ኢ ነው፤ 41 ኸርዝ ላይ ያበቃል። ቀጣዩን ኢ ፍላት የሚያገኘው ወደ ላይ ወጥቶ 78 ኸርዝ ላይ ነው። ዘፋኙ ግማሽ ቶን ሲወርድ ቤዙ አሥራ አንድ ግማሽ ቶን ይወጣል ማለት ነው! ጨፋሪው ምን እንደሆነ ባያውቅም መሬቱ ከእግሩ ሥር እንደሸሸ ይሰማዋል። አምስተኛ ክር ያለው ሰው ቢ ላይ አራተኛውን ፍሬት ይይዝና ኢ ፍላትን 39 ኸርዝ ላይ ያገኛታል።

ሌላው ጥቅም የግራ እጅ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አያነሣውም። እጅህን ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ፍሬት ብታስቀምጥ፣ በባለ አምስት ክሩ ሳትንቀሳቀስ ከኢ እስከ ኢ ሁለት ሙሉ ኦክታቭ አለህ። ትዝታም ሆነ አምባሰል እዚያው እጅህ ሥር ነው። ቺክቺካ ሲፈጥን ቤዚስቱን የሚያደክመው አንገቱ ላይ የሚያደርገው ሩጫ ነው፤ ክሯ ያን ሩጫ ታስቀራለች።

ኤቨን የሁዳ ላይ ያገኘሁት አንድ የሠርግ ቤዚስት ክሯ እንዴት እንደምትያዝ በእጁ አሳየኝ። የቤዙ ቀለም ከፒክአፑ አጠገብ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። የቀኝ አውራ ጣቱ ቢ ላይ ያርፋል፤ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ሲሻገር አውራ ጣቱ ወደ ኢ ይወርድና በጎኑ ቢን ይነካታል። እንዲህ ካልተያዘች፣ ሌላው ክር በተመታ ቁጥር አብራ ትንቀጠቀጣለችና ዘፈኑ ሥር ማቆሚያ የሌለው ጉምጉምታ ትተዋለች። አምስተኛዋን ክር ገዝተው ዝም ማሰኘት ያልተማሩ ልጆች፣ እባካችሁ ከመጫወታችሁ በፊት ይህን ተለማመዱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ክፍቷ ቢ 31 ኸርዝ ገደማ ናት። የአብዛኛው አዳራሽ ስፒከር ይህን ድምፅ በወጉ አያወጣም፤ ስልክማ አይሞክረውም። ታዲያ እንዴት እንሰማታለን? አንድ ክር ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር እጥፎቹም ይወጣሉ፤ ለቢ 62፣ ከዚያ 93፣ ከዚያ 123 እያለ ይቀጥላል። ጆሮ እጥፎቹን ሲያገኝ የጎደለውን ዋና ድምፅ ራሱ ይሞላል። ስለዚህ የቢ ክር ጥራት ያለው በእጥፎቿ ጥራት ነው።

አባቶቻችን ይህን በበገና አውቀውታል። በገና ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ አውታር ሥር ብርኩማው ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ቆዳ፣ እንዚራ፣ አውታሩን እየነካች ያን የታወቀ ንዝረት ትሰጠዋለች። ንዝረቱ የላይኞቹን እጥፎች ያበዛቸዋል፤ በዚያም ዝቅተኛው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። በገና ደርዳሪው እንዚራዎቹን እስኪስማሙት ድረስ በትዕግሥት ያስተካክላል።

የአዳራሽ ሳውንድማን ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ቤዙ አልሰማ ሲለው የታችኛውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞራል። ስፒከሩ የማይችለውን እየታገለ ድምፁ ይታፈናል፤ ሽማግሌዎች ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ከበሮውም ይዋጣል። ወንድሜ፣ ታችኛውን ቀንስና መሐከለኛውን ትንሽ ክፈት፤ ክሯ ያኔ ራሷ ትመጣለች።

እጥፎቿ ጥርት ያሉ እንዲሆኑ የክሯ አሠራርም ወሳኝ ነው። ርዝመቷ እንደ ሌሎቹ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ ቢ የምትወርደው በመወፈር ነው፤ ብዙ ጊዜ 3.3 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የወፈረ ክር ደግሞ ግትር ነው፤ ግትርነቱ እጥፎቹን ከቦታቸው ያዛባቸዋል። አንዳንድ ሠሪዎች ለዚህ ብለው ርዝመቱን ወደ 89 ሴንቲ ሜትር ያደርሱታል። በርካሽ ክር ላይ ቢ እንደ ላላ ገመድ የምትላወሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የአምስት ክር ሐሳብ አይደለም።

ስለዚህ ልትገዛ ስትሄድ አምፑን ተወው። ሳትሰካ በመጀመሪያ ክፍቱን ኢ ምታ፤ ቀጥለህ ቢ ላይ አምስተኛውን ፍሬት ያዝና ምታ። ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ጥርት ብሎ እኩል ከቆየ ግዛው፤ ከደነዘዘ የፈለገ ያህል ቢያምርም ቦታው መልሰው።