ስለ ጭቃው ውሃ

የባሕር ወለል ደለል ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ጭቃው ነው፦ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ቅሪተ አካሉ። በቅንጣቶቹ መሃል የታቆረውን ውሃ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን ምረጥ ብባል ውሃውን እወስዳለሁ። እዚያ ታች አሁን ማን ምን እየበላ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

መነሻው ቀላል ነው። ካርቦን 13 ከካርቦን 12 በአንድ ኒውትሮን ይበልጣል፤ ከካርቦን ሁሉ 1.1 በመቶ ያህል ነው። የሁለቱ ምጣኔ ከአንድ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ ከሺህ ይነገራል። በባሕር ውሃ የሟሟው ካርቦን ዜሮ አካባቢ፣ የባሕር ፍጥረታት ብስባሽ -20 አካባቢ ነው። ቁጥሩ በወረደ መጠን ካርቦኑ ቀላል ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚሳሳቱበት እንምጣ። ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩት ሚቴን እጅግ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ-60 በታች ይወርዳል። ታዲያ ሚቴን በሚመረትበት ጥልቀት የሟሟው ካርቦንም ቀላል መሆን አለበት ይባላል። አንድ ተማሪ ውጤቱን አይቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ሞግቶኛል። ማሽኑ ደኅና ነበር፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሚቴን ሠሪዎቹ አርኬያዎች ቀላሉን ያስቀድማሉ፤ ከባዱ ለውሃው ይተርፋል። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ አይደል?

ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ማዶ ያለው የባሕር ወለል ሸንተረር፣ ብሌክ ሪጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቆፈር ይኸው ታይቷል። ከወለሉ 20 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ከላይ የሚሰርገው ሰልፌትና ከታች የሚወጣው ሚቴን ይገናኛሉ። እዚያ አርኬያና ባክቴሪያ ተጋግዘው፣ ያለ ኦክስጅን፣ ሚቴኑን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጡታል፤ የውሃው ካርቦን -38 ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በታች ግን ቁጥሩ ሽቅብ ይመለስና ዜሮን አልፎ ይሄዳል። -38 ራሱም የሚቴኑ ቁጥር አይደለም፤ የዚያ ስፍራ ሚቴን -101 ገደማ ነው። ከብስባሹ የመጣውና ከላይም ከታችም የሰረገው ካርቦን ተቀላቅሎበታል። አንዷን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ «ሁሉም ከሚቴን ነው» የሚል ሰው ሙሉውን መስመር አላነበበም።

ናሙና የምትወስዱ ሰዎች ሆይ፣ አደራ! ደለሉ ከጥልቁ ሲወጣ ግፊቱ ይረግባል፤ ጋዙ ያመልጣል፤ ካልሲየም ካርቦኔትም ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ የሚለካው የባሕሩ ሳይሆን የመርከቧ ላይ ታሪክ ነው። ግማሹ አየር የሆነ ጠርሙስ ስንቴ ተልኮልኛል! ውሃውን ቶሎ ጭመቁ፤ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙሉ፤ ተሕዋስያኑ ሥራ እንዲያቆሙ የሜርኩሪ ክሎራይድ ጠብታ ጨምሩና በብርድ አስቀምጡ። ጥልቀቱንም ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።