አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ አውሮፕላን

የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ሞዴል መሥራትና የቤተሰብ ምሽት

ራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ በቤታችሁ ያለው ጠረጴዛ ምን ሥራ ይሠራል? በብዙዎቻችን ቤት ባዶውን ያድራል። አባት ዓይኑን ዜና ላይ ይተክላል፤ እናት ወደ ጓዳ ትመለሳለች፤ ልጆች በየፊናቸው ስልክና ቴሌቪዥን ይይዛሉ። አራት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር በአራት ቦታ ያመሻሉ።

በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ይህንኑ የራት ጠረጴዛ የሚጠቀም አንድ የእጅ ሥራ አለ። እርሱም የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን አሳንሶ ከፕላስቲክ መገጣጠምና ቀለም መቀባት ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢያን ሣጥኖቹን በሱቅ መስኮት አይታችኋቸው ይሆናል። ሲያዩት የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የተጠመዱ ጎልማሶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንዱን ሞዴል በወጉ ለመጨረስም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እንዲህ ጊዜ የሚወስድ ነገር ባልን ከሚስቱ ሊያርቅ ይችላል፤ ሊያቀራርብም ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ምን እንደሆነ አብረን እንይ።

ለመሆኑ ሞዴል ምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል ስፒትፋየር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን እንውሰድ። ንድፉን ያወጣው ሬጂናልድ ሚቸል የተባለ መሐንዲስ ነው። አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ማርች 5 ቀን 1936 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሚቸል በ1937 በካንሰር ሕመም በ42 ዓመቱ አረፈ፤ የሥራውን ፍሬ አላየም። ከእርሱ በኋላ ግን ከ20,000 በላይ ስፒትፋየሮች ተሠርተዋል።

የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 11 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ይሰፉ ነበር። ይህ ስፋት ለ72 ሲካፈል 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ የአንድ እስክሪብቶ ርዝመት ማለት ነው። ሣጥኑ ላይ "1/72" ተብሎ የሚጻፈው ይህንን ለማመልከት ነው። "1/48" የሚለው ከፍ ይላል፤ ክንፉ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። "1/32" ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ሰፋ ያለ መደርደሪያ ይፈልጋል። 72 የሚለው ቁጥር የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው። በእነርሱ ስሌት ስድስት ጫማ የነበረው ነገር በሞዴሉ ላይ አንድ ኢንች ይሆናል። ስለዚህ ስድስት ጫማ የሚረዝም አብራሪ በሞዴሉ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።

በፕላስቲክ የሚገጣጠሙ ሞዴሎች በእንግሊዝ ገበያ የወጡት በ1936 ነው። በጦርነቱ ጊዜም ሞዴል ቁም ነገር ሠርቷል። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮቹ የወዳጅና የጠላት አውሮፕላን ለይተው እንዲያውቁ ለማሠልጠን 500,000 ሞዴል አስፈለገው፤ የአገሪቱ ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው ከእንጨት እየቀረጹ እንዲያስረክቡ ጠየቀ። ዛሬ ስሙ የገነነው ኤርፊክስ በ1939 ኒኮላስ ኮቭ በተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ሲሆን፣ ወደ ሞዴል ከመዞሩ በፊት የፀጉር ማበጠሪያ ያመርት ነበር። የጃፓኑ ታሚያም ሺዙኦካ በተባለች ከተማ በእንጨት ሥራ የጀመረ ድርጅት ነው።

አውሮፕላን የተሠራባቸው ጋራዦች

ሞዴሉን በምግብ ጠረጴዛ ላይ መሥራት የሚያስቅ ይመስላል? እውነተኛው አውሮፕላንም ከዚህ ብዙም በማይሻል ቦታ ተሠርቷል። በሴፕቴምበር 1940 የጀርመን ቦምብ ጣዮች ሳውዝሃምፕተን ከተማ የነበረውን የስፒትፋየር ፋብሪካ አወደሙት። እንግሊዞች ግን ሥራውን አላቆሙም፤ በታተኑት። በሶልዝበሪ፣ በሬዲንግ፣ በትሮውብሪጅና በሌሎችም ከተሞች የመኪና ጋራዦች፣ የአውቶቡስ ማደሪያዎችና የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ሳይቀሩ የአውሮፕላን ክፍል መሥሪያ ሆኑ። አንዱ ቦታ ክንፍ፣ ሌላው ጅራት ይሠራል፤ በመጨረሻም በአንድ ላይ ይገጣጠማል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ነክተው የማያውቁ ሴቶች ነበሩ።

ከፋብሪካ የወጡትን አውሮፕላኖች ወደ ጦር ሠፈር ከሚያደርሱት መካከልም ከ160 በላይ ሴት አብራሪዎች ነበሩ። የጦር መሣሪያ ሳይኖራቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ሬዲዮ ይበሩ ነበር። ሌላዋ ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች መሐንዲስ ናት። የስፒትፋየር ሞተር አውሮፕላኑ አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ነዳጅ እየተዛባበት ይቆራረጥ ነበር። ሺሊንግ በ1941 መካከሏ ላይ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ነዳጁ በሚያልፍበት መስመር ላይ እንድትገባ በማድረግ ችግሩን አቃለለችው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ "የወንዶች" የሚባለው ይህ አውሮፕላን የብዙ ሴቶች እጅ አለበት።

ሥራው ከውስጥ ይጀምራል

ሣጥኑ ሲከፈት በፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተያያዙ ብዙ ቁርጥራጮችና በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ይገኛሉ። ለጀማሪ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፤ መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ሦስት ብሩሽ፣ የፕላስቲክ ማጣበቂያ፣ ቀለምና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃሉ።

ጀማሪ ሁልጊዜ ክንፉን ለመግጠም ይቸኩላል። መመሪያው ግን የሚጀምረው አብራሪው ከሚቀመጥበት ክፍል ነው። ወንበሩ፣ መሪው፣ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው፣ የወገብ ቀበቶው ሁሉ በየቀለሙ ይቀባል። ሁለቱ የአካል ግማሾች ከተገጠሙ በኋላ ይህ ሁሉ ድካም በትንሽ መስኮት ጨረፍ ብሎ ቢታይ ነው። "ማን ያየዋል?" ብሎ የዘለለው ሰው ግን ተመልሶ ሊገባበት አይችልም።

ቀጥሎ ቁርጥራጮቹ ያለ ማጣበቂያ ይሞከራሉ። ጠርዙ ያልገጠመ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ እንደ ሌላ ሙጫ በመካከል ገብቶ የሚይዝ አይደለም፤ የሁለቱንም ጠርዝ አለስልሶ አንዱን ከሌላው ያዋሕዳል። ስለዚህ ጥቂት ይበቃዋል። ከበዛ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል። ከተጣበቀ በኋላም እስኪደርቅ በመቆንጠጫ ተይዞ ያድራል። ግልጽ ለሆነው የመስታወት ክዳን ግን ነጭ የእንጨት ኮላ ይሻላል፤ ፈጣን ማጣበቂያ በትነቱ መስታወቱን ያጉመዋል።

ስንጥቅ የቀረው መጋጠሚያ በስቱኮ ተሞልቶ ይለሰልሳል። ከዚያ መሠረት ቀለም ይቀባል። መሠረት ቀለም ጉድለትን አይሸፍንም፤ እንዲያውም ያልተስተካከለውን ሁሉ ያጋልጣል። ዋናው ቀለም ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ ይሄዳል። በ1940 የነበረ ስፒትፋየር ሆዱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ጀርባው አፈርማ ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ነው። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን መደረብ ሁለቱንም ያበላሻል። በመጨረሻ የአገር ምልክቶቹና ቁጥሮቹ ይለጠፋሉ። እነዚህ በውሃ ተነክረው ከወረቀታቸው የሚንሸራተቱ ስስ ተለጣፊዎች ናቸው። ከመለጠፋቸው በፊት ሞዴሉ አብረቅራቂ ቫርኒሽ መቀባት አለበት፤ ሻካራ ቀለም ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ገብቶ ነጭ ነጭ ይላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የተደበቁት ሣጥኖች

አሁን ወደ ባልና ሚስት እንምጣ። በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ቀልድ አለ። ብዙዎቹ ከሚሠሩት ይልቅ የሚገዙት ይበልጣል፤ ያልተከፈቱ ሣጥኖች በየቁም ሣጥኑና በየአልጋው ሥር ይከማቻሉ። አንዳንዱ ዕድሜው የማይበቃለትን ያህል አስቀምጧል። ቀልዱም፣ "የምፈራው ከሞትኩ በኋላ ሚስቴ ሣጥኖቹን ገዛሁ ባልኳት ዋጋ እንዳትሸጣቸው ነው" የሚል ነው።

ቀልዱ ያስቃል፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን አያስቅም። ባል ዋጋ እየቀነሰ ለሚስቱ መናገር ከጀመረ፣ ወይም ሣጥኑን ከመኪናው ኋላ ደብቆ ሌሊት የሚያስገባ ከሆነ፣ ችግሩ አውሮፕላኑ ላይ አይደለም። ሚስትም ብትሆን ገንዘቡ ከሚያስከፋት ይልቅ መደበቁ ያስከፋታል። "ለዚህ የደበቀኝ ለሌላውስ?" የሚል ጥያቄ አንድ ጊዜ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ይህ ነገር የሚነካው ሞዴል ሠሪን ብቻ አይደለም፤ ስልክ፣ ልብስ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ዕቁብ ሁሉ እንዲሁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጊዜም እንደ ገንዘብ ነው። በሩን ዘግቶ በሳምንት አምስት ምሽት ከፕላስቲክ ጋር የሚያመሽ ባል፣ ከቤቱ ሳይወጣ ከቤቱ ርቋል። ያው ሥራ ግን ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። እስቲ ሁለተኛ ወንበር ጨምሩ። አንዱ መመሪያውን ያነባል፤ ሌላው ይቆርጣል። ጥልፍ የለመደ እጅ ከሁሉ በተሻለ ትንንሾቹን ይቀባል። ልጅ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ማጣበቂያው እስኪይዝ ክንፍና አካል ይዞ መጠበቅ ግድ ነው፤ እጅ ሥራ ይዞ አፍ ነጻ በሚሆንበት በዚያ ጊዜ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊያነሡት የከበዳቸውን ጉዳይ ብዙዎች ቀለል አድርገው ያነሡታል።

"አባዬ፣ ሰውዬው ሞተ?"

አንድ ጥያቄ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የጦር አውሮፕላንን ማሳመርና መደርደሪያ ላይ ማኖር ጦርነትን ማወደስ አይሆንም ወይ? የሚያሳስባችሁ ወላጆች ልክ ናችሁ። መልሱ የሚወሰነው ከሞዴሉ ጋር በሚነገረው ታሪክ ነው።

ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የአንድ እውነተኛ አውሮፕላን ቁጥር ነው፤ ውስጡ ሰው ነበረበት። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር 1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ ከእንግሊዝ ወገን ተዋጊ አውሮፕላኖች ውስጥ ከነበሩት 3,000 ገደማ በራሪዎች 544ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ልጅ "አባዬ፣ ይህን የሚነዳው ሰውዬ ሞተ?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱን አትሽሹ።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ታሪኩ ቅርብ ነው። በ1935 እና 1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች በሕዝባችን ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል። በ1940 እና 1941 ፊያት ሲአር 42 የተባሉ ድርብ ክንፍ ያላቸው የጣሊያን ተዋጊዎች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ጋር ተዋግተዋል። የዚያ አውሮፕላን ሞዴል በሣጥን ወጥቷል። በሌላ በኩል ደግሞ የኤፍ-86 ሴበር ጄት ሞዴል አለ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይህን ጄት ታጥቆ በ1961 ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ጋር ኮንጎ ዘምቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሠራ ልጅ፣ አንዱ መሣሪያ ለምን እንደዋለ መጠየቅን ይማራል። አያቶች በሕይወት ካሉ ደግሞ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይንገሩት፤ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያመጣ ነገር በቤታችን ብዙ የለም።

መጀመር ለምትፈልጉ

አንደኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። በ1/72 የተሠራ፣ ቁርጥራጩ ጥቂት የሆነና አንድ ሞተር ያለው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ይበቃል። አንዱ ሳያልቅ ሁለተኛ አይገዛም ብላችሁ ተስማሙ።

ሁለተኛ፣ በወር የሚወጣውን ገንዘብ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ደረሰኙም በግልጽ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ምሽቱን ለዩ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ምሽት ይበቃል። ስልኮች ከጠረጴዛው ይራቁ።

አራተኛ፣ ለጤንነት ተጠንቀቁ። የማጣበቂያና የአኳራጅ ትነት ጉዳት አለው፤ እሳትም በቀላሉ ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፤ ቡና በሚፈላበት ከሰል ወይም በሻማ አጠገብ አትሥሩ። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ክፍል ቀለም አይረጭ። ምላጭ በትልቅ ሰው እጅ ብቻ ይሁን።

አምስተኛ፣ ሥራው ፍጹም እንዲሆን አትጨነቁ። ልጃችሁ ያጣመመውን ክንፍ ሌሊት ተነሥታችሁ አታቃኑት፤ ጠዋት ሲያየው የእርሱ ሥራ መሆኑ ይቀርበታል።

ሞዴል መሥራት ባይስማማችሁ ሌላ ነገር ምረጡ። ስፌት፣ እንጨት ሥራ፣ አትክልት፣ ማንኛውም ሁለት ሰው ተቀምጦ በትዕግሥት የሚጨርሰው ሥራ ይሆናል።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በግላችን ከምንወዳቸው ነገሮች ውስጥ ዋጋውን ወይም ጊዜውን ለትዳር ጓደኛችን ያልነገርነው አለ?

2. ባለፈው ሳምንት ሁለታችን በአንድ ሥራ ላይ የተቀመጥንበት ምሽት ስንት ነበር?

3. ልጆቻችን ስለ አያቶቻቸው ዘመን ጦርነት ከእኛ የሰሙት ምንድን ነው?