የዩኒቨርሲቲ አረንጓዴነት ከወጪ መዝገቡ ይጀምራል

በካርቱም እምብርት የሚገኘው የሱቅ ዐረቢ ገበያና ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በጥቁር ዓባይ ዳር የተንጣለለው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተለኮሰው ጦርነት ክፉኛ የጎዳቸው ስፍራዎች ናቸው። የሱዳን ጦር መሐል ከተማውን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ሲይዝ በገበያውም በዩኒቨርሲቲውም ፊት የተደቀነው ጥያቄ ያው ነበር፤ መብራቱ ከየት ይመጣል? 1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመረዌ ግድብ እንኳ በዚያው ዓመት ጥር ወር በድሮን ተመትቶ ሰፊ የኃይል መቋረጥ አስከትሏል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስለ አየር ንብረት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ነገሩን በገንዘብ ስናሰላው ግን መልሱ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለአየር ንብረት የሚሠራው ሥራ የሚዘልቀው ኪሱን ይበልጥ ከሚያራቁተው ወጪ ሲጀምር ነው።

ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ካርቱም የሚያራቁተው ማቀዝቀዣው ነው። መብራት ሲጠፋ ያንን የሚሸከመው ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚያወጣው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ፀሐይ የ100 ኪሎ ዋት ሶላር በቀን 450 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል፤ ይህም 150 ሊትር ናፍጣ ያስቀራል ማለት ነው፤ ወደ 400 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የካርቦን ልቀትም አብሮ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ከመኖሪያ ቤት የሚለየው ኃይል የሚፈልገው በአብዛኛው ክፍሎቹና ቤተ ሙከራዎቹ ሥራ ላይ በሚሆኑበት በቀን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ ውድ የሆነውን ባትሪ በብዛት መግዛት አያስፈልገውም። ግንባታውም ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1902 ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ የተከፈተው የዩኒቨርሲቲው ጥንታዊ ሕንፃ በቅስት የተከበበ ጥላማ በረንዳ አለው፤ የፈረሰው ሲጠገን በዚያ ብልሃት ፋንታ መስታወት ቢለበጥ ወጪው ለሠላሳ ዓመት ይከተላል።

አቧራና ሙቀት ፓነሉን ያዳክማሉ የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ይቀንሳል፤ አቧራውም ጠራጊ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ጠራጊ መቅጠር ናፍጣ ከመግዛት ይረክሳል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ «መምህሩ ደመወዙ ሳይከፈለው ፓነል?» የሚለው ነው። ደመወዝ ይቅደም፤ ይህ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ለናፍጣ የሚፈሰው ገንዘብ ደመወዝ ሊከፈልበት ይችል የነበረ ገንዘብ ነው፤ የፓነል ዋጋም እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ወደ አሥረኛው ገደማ ወርዷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሒሳቡ ራስ ይለወጣል። ኤሌክትሪካችን ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ ከከተማ መስመር የሚመጣውን ኃይል በሶላር መተካት የሚቀንሰው ልቀት አነስተኛ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ዋና ጉድ ያለው ወጥ ቤት ነው። መንግሥት ተማሪውን በካምፓስ ያሳድራል፣ ይቀልባል፤ በየቀኑ ለሺዎች እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል። ይህ በማገዶ ሲሆን የጢሱን ዳፋ ጋጋሪዎቹ በሳንባቸው፣ አካባቢው በደኑ ይከፍላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የተማሪው መጸዳጃና የምግብ ትርፍራፊ የሚመግበው ባዮጋዝ፣ የማገዶውን ወጪ በቆጣሪና በሚዛን መመዝገብ፤ ከየክረምቱ የችግኝ ፎቶግራፍ ይልቅ ለውጥ የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። ችግኝ መትከሉ መልካም ነው፤ የተተከለው ግን በወጥ ቤት በኩል ተቆርጦ የሚመለስ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

መብራት ይቆራረጣል፣ ታሪፉም እየጨመረ ነው ይባላል። ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ባዮጋዙ ከምጣዱ ጎን የሚያስፈልገው። ከዚህ ሁሉ የከፋው እንቅፋት ግን የበጀት አሠራሩ ነው። ከመንግሥት ካዝና የሚተዳደር ተቋም በሰኔ መጨረሻ ያልተጠቀመበትን በጀት ይመልሳል፤ የቆጠበ ኃላፊ ሽልማቱ የሚቀጥለው ዓመት በጀቱ መቀነስ ከሆነ ማን ይቆጥባል? አዋጅ ቁጥር 1294/2015 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የገባበትን የራስ ገዝ ሥርዓት ከፍቷል፤ ገንዘቡን ራሱ የሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ከማገዶ ያተረፈውን ለቤተ ሙከራ ሊያውለው ይችላል። ገንዘብ ሚኒስቴርም ራስ ገዝ ላልሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች ከኃይልና ከማገዶ የቆጠቡትን ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲይዙ ይፍቀድላቸው። ያን ጊዜ አረንጓዴ ካምፓስ የሚባለው ነገር ከመፈክርነት ወጥቶ የፋይናንስ ኃላፊው ራሱ የሚከታተለው ሥራ ይሆናል።