የዛንዚባር የድንጋይ ከተማ ህልውና በነዋሪዎቿ እጅ ነው

በዛንዚባር ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው ጥንታዊቷ የድንጋይ ከተማ የቀድሞ ገጽታቸውን ጠብቀው ከቆዩት የምሥራቅ አፍሪካ የወደብ ከተሞች አንዷ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እ.ኤ.አ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይሁንና ከተማዋ የጎብኝዎች መስህብ ብቻ ሳትሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጠጋግተው የሚኖሩባት ሠፈርም ናት።

ነዋሪዎቿ በስዋሂሊ ቋንቋ "ምጂ ምኮንግዌ" ይሏታል፤ አሮጌ ከተማ ማለት ነው። የቆመችው በባለ ሦስት ማዕዘን ልሳነ ምድር ላይ ነው። የኦማን ሱልጣኖች መቀመጫቸውን ወደ ደሴቲቱ ካዛወሩበት ከ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ጀምሮ በቅርንፉድ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ በልጽጋለች። የባሪያ ገበያው እ.ኤ.አ በ1873 የተዘጋ ሲሆን፣ በስፍራው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል።

ቦታው ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ በመሆኑ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ወደ ላይ አድገዋል። በመካከላቸው ያሉት መተላለፊያዎች መኪና የማያስገቡ ቢሆኑም ለነዋሪው ጥላ ይሰጣሉ። የዓረብ ቤቶች ከውጭ ሲታዩ ከተቀረጸው የእንጨት በራቸው በስተቀር ብዙ ጌጥ የላቸውም፤ ክፍሎቻቸው የተደረደሩት በውስጠኛው ግቢ ዙሪያ ነው። የሕንዳውያን ነጋዴዎች ቤቶች ግን ምድር ቤታቸው ሱቅ፣ ፎቃቸው መኖሪያ ነው።

በብዙ ቤቶች ግድግዳ ሥር "ባራዛ" የሚባል የድንጋይ መደብ ይገኛል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ቡና የሚጠጣው፣ ሽማግሌዎች ገበጣ መሰል የሆነውን "ባኦ" የሚጫወቱት፣ ልዩ ልዩ ወሬዎችም የሚሰሙት በዚሁ መደብ ላይ ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ መተላለፊያው በጎርፍ ሲሞላ ደግሞ መደቡ የእግረኛ መንገድ ሆኖ ያገለግላል።

እነዚህ ቤቶች የተሠሩበት ዘዴ ለባሕር ዳር ኑሮ የሚስማማ ቢሆንም የማያቋርጥ እንክብካቤ ይሻል። ወፋፍራሞቹ ግድግዳዎች የተገነቡት በኮራል ድንጋይ ሲሆን፣ ድንጋዩን የሚያያይዘው ኖራ ነው። ወለልና ጣሪያው የሚያርፈው በባሕር ዳር ጨዋማ ረግረግ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ በተቆረጡ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው። የእንጨቶቹ ርዝመት ውስን በመሆኑ ክፍሎቹ ጠባብና ረዣዥም እንዲሆኑ ግድ ሆኗል።

የኮራል ድንጋይ ውኃ ይስባል። የኖራ ልስን ግን እርጥበቱን መልሶ ስለሚያስወጣ ግድግዳው ይደርቃል። በአንጻሩ ልስኑ በሲሚንቶ ሲተካ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ጨዉን እንደያዘ በውስጥ ይከማቻል፤ ግድግዳውንም ይሰረስረዋል። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ አግዳሚው እንጨት ጫፉ ላይ ይበሰብሳል። እንጨቱ ሲሰበር ግድግዳዎቹን የሚያያይዝ ኃይል ስለሚጠፋ ቤቱ ለመደርመስ አደጋ ይጋለጣል። በመሆኑም ጣሪያን በወቅቱ መጠገንና ኖራን በየጊዜው ማደስ ለቤቱ የህልውና ጉዳይ ነው።

ይህ ክትትል የተቋረጠው ከእ.ኤ.አ ጥር 1964 አብዮት በኋላ መሆኑ ይታወቃል። በርካታ የዓረብና የሕንድ ተወላጅ ባለቤቶች ደሴቲቱን ለቀው ሲሄዱ ብዙ ቤቶች በመንግሥት ተወርሰው በአነስተኛ ኪራይ ለነዋሪዎች ተሰጡ። ለአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ የተሠራው ቤት ተከፋፍሎ የበርካታ ቤተሰቦች መጠለያ ሆነ። እርምጃው ቤት ላልነበራቸው ሰዎች መጠለያ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም። ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ጣሪያ ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አልታየውም። በተለይ በብዙ ቤተሰቦች መካከል የጋራ የሆነው ደረጃና ጣሪያ ኃላፊ አጣ።

ችግሩን ለመፍታት እ.ኤ.አ በ1985 የከተማዋ የጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ተቋቁሟል። ቆየት ብሎም ከአጋ ካን የባህል ተቋም ጋር በመተባበር ማስተር ፕላን ተዘጋጅቷል። ከዓለም ቅርስነቱ ምዝገባ በኋላ የጎብኝዎች ፍሰት ሲያድግ የተጎዱ ቤቶች ወደ ሆቴልነትና ወደ እንግዳ ማረፊያነት እየተለወጡ ታድሰዋል። ሆኖም እድሳቱ ያስከተለው ሌላ ጥያቄ አለ። ቤቱ ሲታደስ ዋጋው ይጨምራል፤ አነስተኛ ገቢ ያለው ተከራይም ከሠፈሩ ይርቃል። በዚህ ሁኔታ መደቡ ላይ የሚቀመጠው ጎረቤት ሳይሆን ለሦስት ቀን የመጣ እንግዳ ይሆናል።

ጥገና ሲዘገይ የሚከፈለውን ዋጋ በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ ዲሴምበር 25 ቀን 2020 የደረሰው አደጋ ነው። ሱልጣን በርጋሽ እ.ኤ.አ በ1883 ያሠሩትና "የድንቃድንቅ ቤት" በመባል የሚታወቀው ሕንጻ በእድሳት ላይ እንዳለ በከፊል ተደርምሶ የሁለት ሠራተኞች ሕይወት አልፏል። የዓለም ትኩረት ያልተለየው ትልቅ ሕንጻ ይህ ከደረሰበት፣ በጓሮ መተላለፊያ ውስጥ የሚገኘው ተራ መኖሪያ ቤት ያለበትን ሁኔታ መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ ለአገራችን አንባቢም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1975 ትርፍ የከተማ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ በኋላ በዝቅተኛ ኪራይ ሲተዳደሩ የኖሩት የቀበሌ ቤቶች ተመሳሳይ የጥገና እጦት አይተዋል። እ.ኤ.አ በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጁገልም ከባሕር የራቀች ትሁን እንጂ፣ በጠባብ መተላለፊያዎቿ ዙሪያ ሕዝብ የሚኖርባት ቅርስ ናት።

በአጠቃላይ ከዛንዚባር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ከሥሩ የሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ታሪካዊ ሠፈርን ከጥፋት የመታደግ ጥረት ድንጋዩን ከመጠገን ጎን ለጎን ነዋሪው በቤቱ ላይ የጸና መብት፣ ለጥገናውም አቅም እንዲኖረው ማድረግን ይጠይቃል።