የስክሪን ማስተካከያና የፊደላችን ቅርጽ



ስለ ስክሪን ማስተካከያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ነው። እኔ ግን ከፊደል መጀመርን እመርጣለሁ። «ጠብቁ» እና «ጠብቂ» የሚሉትን ቃላት እንመልከት። የ«ቁ» ሰረዝ ከእግሩ ወገብ ትወጣለች፤ የ«ቂ» ደግሞ ከግርጌው። ብዙዎችን ከማዘዝ አንዲትን ሴት ማዘዝን የሚለየው የዚህች ሰረዝ ከፍታ ብቻ ነው። ጽሑፉ በደቂቅ ፊደል ሲቀርብ ልዩነቱ ከጥቂት ፒክስሎች አያልፍም። እነዚያ ከደበዘዙ አንባቢው ፊደሉን ማየቱን ትቶ ከዐውዱ መገመት ይጀምራል። ለጋዜጣ ንባብ ግምት ይበቃ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ግን አይበቃም።

የዛሬ ጠፍጣፋ ስክሪኖች የፒክስላቸው ቁጥር የማይለወጥ ነው። በሰፊው የሚገኘው ዓይነት 1920 በ1080 ፒክስሎች አሉት። ጽሑፉ ያነሰበት ሰው ሪዞሉሽኑን ወደ 1366 በ768 ቢያወርድ ፊደሉ በእርግጥ ይተልቃል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የምስል ነጥብ በአግድምም በቁመትም 1.4 ያህል ፒክስል መሸፈን ይኖርበታል። ፒክስል አይከፈልምና ቀለሙ ለአጎራባቾቹ ይከፋፈላል፤ ጥርት ያለችው ጥቁር ሰረዝም ግራጫ ጥላ ትሆናለች። ስለዚህ ሪዞሉሽኑን ስክሪኑ በተሠራበት ቁጥር ላይ መተው (ዊንዶውስ «የሚመከር» የሚለው ይህንኑ ነው)፣ ፊደሉን ደግሞ በስኬል ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ማሳደግ ይገባል። ያን ጊዜ ፊደሉ በትልቁ እንደ አዲስ ይሳላል እንጂ የተሳለው አይለጠጥም። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ይህን ስለማይረዱ ብዥ ብለው ይታያሉ፤ ጥፋቱ የስክሪኑ አይደለም።

የሞኒተሩን የጥራት ማጉያ፣ ሻርፕነስ የሚባለውን፣ ከፍ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። ሲበዛ በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይፈጥራል።

ብርሃኑን ለመመጠን ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ መያዝ ይበቃል። ስክሪኑ እንደ መብራት ካበራ በዝቷል፤ ከወረቀቱ አንጻር ዐመድማ ከመሰለ አንሷል። ሲመሽ የክፍሉ ብርሃን ስለሚለወጥ ልኩም አብሮ ይለወጣል።

ማታ የሚበራው ቢጫ ማጣሪያ ተራ ንባብን አያውክም። የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ የሚመረምር ተማሪ ግን ያጥፋው፤ የቀለም ሙቀቱንም ወደ 6500 ኬልቪን ይመልስ። አለዚያ የብራናውን ነጣነት ከብጫነቱ፣ የቀዩን ቀለም ድምቀት ከመደብዘዙ ለይቶ መመዝገብ አይችልም።