ደጋ ላይ የባሕር ዛጎል ምን ይሠራል?

የባሕር በር የሌላት አገር ልጆች ነን አይደል? መቀሌ ዙሪያ ግን፣ ከባሕር ጠለል በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ድንጋይ ውስጥ የተቀረቀረ የባሕር ዛጎል ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ድንጋዩ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይባላል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ባለሙያ ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር መጥቶ ነው ያየው። አዎ፣ ያው መቅደላ የዘመተው ጦር!

የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ጎንድዋና የሚባለው ትልቅ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር ባሕር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ገባ። ጥልቅ አልነበረም፤ ሞቃትና ጥርት ያለ ነበር። ኮራል፣ ቀንድ አውጣ፣ ኦይስተር ይኖሩበት ነበር። ሲሞቱ ዛጎላቸው የኖራ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ፤ ጭቃውም ድንጋይ ሆነ።

«የኖኅ ውኃ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ኮራል ግን ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው የሚያድገው። አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ይኸው ድንጋይ ወደ 400 ሜትር ይወፍራል። ይሄ የአንድ ጎርፍ ሥራ አይደለም።

ታዲያ እንዴት እዚህ ከፍታ ላይ ወጣ? ባሕሩ ሸሸ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ላዩን ሸፈነው፤ መሬቱም ከሥር ተገፍቶ ከፍ አለ። ከዚያ ወንዞች ቆረጡት። ከጎሐ ፅዮን ወደ ደጀን ስትወርዱ በመስኮት የምታዩት እሱን ነው፦ ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ነጣ ያለው የባሕር ወለል። (ሹፌሩ ግን መንገዱን ይይ!)

ኖራ መሆኑን ለማረጋገጥ ድንጋዩን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ያወጣል። ዛጎሉ ላይ ግን እንዳትሞክሩት!

መቀሌና ሙገር ያሉት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩትም ይህንኑ ድንጋይ ነው። ምናልባት አሁን የተደገፋችሁት ግድግዳ ውስጥ የዚያ ባሕር ዛጎል አለ። ሲሚንቶ ያስፈልገናል፤ በዚህ አንከራከርም። የሚያሳስበን ሳይመዘገብ የሚጠፋው ነው። ዛጎል ከየትኛው ንብር እንደወጣ ካልታወቀ ለተመራማሪ ብዙም አይናገርም፤ ኪሳችሁ ከገባም ያው ነው።

ስለዚህ ስታገኙ አትንቀሉት። አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ (መጠኑ እንዲታወቅ)፣ የስልካችሁን ሎኬሽን አብሩ፣ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሱ። ከቻላችሁ በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል አሳዩት። ለእኛም ላኩልን 🐚