እናት ዐረብ አገር፣ ልጅ አያት ቤት

በአገራችን ልጅ ማሳደግ የእናት ሥራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አያት ያቅፋሉ፤ አክስት ታጎርሳለች፤ ጎረቤት ልጁን ሲያጠፋ ካየው ይቆጣዋል። ዛሬ ግን አክስትም ሥራ ፍለጋ ከቤት ወጥታለች፤ ጎረቤትም በየጊዜው የሚቀያየር ተከራይ ሆኗል። ስለዚህ እናት ለቤት ሠራተኝነት ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ስትሄድ ሸክሙ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በአያት ላይ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ? የሥራ ውሉ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። ብዙዎች ግን ያድሱታል። የሁለት ዓመት ልጅ ትታ የሄደች እናት ውሏን አንዴ አድሳ ስትመለስ ልጇ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። «እማዬ» የሚለውም አያቱን ነው።

ልጁ ሲታመም መምጣት አትችልም? ቀላል አይደለም። በከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር በሚተሳሰርበት አሠራር፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ መንቀሳቀስ ይከብዳል።

ታዲያ ልጅ የግድ ይጎዳል? የግድ አይደለም። በፍቅር የሚይዘው አንድ ቋሚ ሰው ካለው ደህና ሊያድግ ይችላል። የሚከብደው ከአያት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ አጎት ሲንከራተት ነው።

ወጪውስ? እናት የምትልከው ብር አስቤዛ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ይሸፍናል። ብሩ በአጎት ስም ከገባ ግን አያት ለእስክሪብቶ እንኳ ደጅ መጥናት ይጀምራሉ። ቅሬታው የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ከገንዘብ ውጭ የሚከፈል ሌላም ዋጋ አለ። አያት «ጨዋታውን ተወውና አጥና» ይላሉ። ልጁ ማታ በኢሞ ደውሎ ለእናቱ ያለቅሳል። እናት አንጀቷ አይችልምና «ተዪው» ትላለች፤ ስልክም ትልክለታለች። ከዚያ ወዲያ የአያትን ቃል የሚሰማ የለም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትና እናት በትዳር ላይ ሳሉ በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው ይላል። አሳዳሪ የልጁን ጤና፣ ትምህርትና አስተዳደግ የሚጠብቅ ነው። ሞግዚት ደግሞ ንብረቱንና ሕጋዊ ጉዳዩን ያስፈጽማል። በርካታ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። አያት ልጁን ስላሳደጉ ብቻ ይህ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ሥልጣን በራሱ ወደ እሳቸው አይተላለፍም።

ስለዚህ ልጃችሁን ለአያት ትታችሁ ልትሄዱ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ትምህርቱንና ሕክምናውን የሚከታተሉበት የጽሑፍ ውክልና ስጧቸው። የልደት ምስክር ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀምጡ። አባትየው ካለም ድርሻው ምን እንደሆነ አብሮ ይነገር። የቀለቡ ብር በቀጥታ በአያት ስም ይግባ። ልጁ በስልክ ስሞታ ሲያቀርብም «አያትህ ያሉህን ስማ» በሉት። ብር የምትልኩላቸውን ያህል የመቆጣት ሥልጣንም ስጧቸው።